ልጅዎን ይከተሉ

ከምሽቱ 3፡40 ላይ ስልኬ ጮኸ። በዚህ ሰዓት የሚመጣ መልእክት ወይ መርዶ ነው ወይ የትምህርት ቤት ነው። የትምህርት ቤት ነበር። የሦስተኛ ክፍል «ለ» የቴሌግራም ግሩፕ፤ ሃምሳ ስምንት ወላጅ፣ ሦስት መምህራን፣ እና የጽጌረዳ ፎቶ የለጠፈ፣ ማን እንደሆነ ማንም የማያውቀው አንድ ሰው ያሉበት። «ዲር ፓረንትስ» ይላል ሲጀምር። ነገ የእንግሊዝኛ ኩዊዝ አለ፤ ከ«ሳይት ወርድስ» እና ከ«ዳይግራፍስ» ይወጣል፤ «ፕሊዝ ፎሎው ዩር ቻይልድ»። ቻይልዷ ከተኛች አንድ ሰዓት ሆኗታል።

እናቴ ጸሎቷን አቋርጣ «ደግሞ ምን አሉ?» አለችኝ።

«ልጅህን ተከተል ይላሉ።»

«ወዴት?»

መምህሯ ማለት የፈለገችው ገብቶኛል። «ይከታተሉ» ልትል ነው። በአማርኛ አስባው በእንግሊዝኛ ስትጽፈው መከታተሉ መከተል ሆነባት። አልፈርድባትም፤ እኔም መሥሪያ ቤት በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ስጽፍ ከዚህ የባሰ ሠርቻለሁ። የሚያደክመኝ ሌላ ነው። እሷ አማርኛ ታውቃለች፣ እኔ አማርኛ አውቃለሁ፣ ልጅቷ አማርኛ ታውቃለች። ስለ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለመነጋገር ሦስታችንም በማንደላደልበት ቋንቋ ለምን እንደምንደናበር የሚነግረኝ አጣሁ።

ጠዋት ጠዋት ልጆቻችንን ሸኝተን የካቲት 12 አደባባይ አካባቢ ቆመን ማኪያቶ የምንጠጣ አምስት ስድስት ወላጆች አለን። አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ የታክሲ ሾፌር፣ አንዱ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ፣ አንዷ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ትሸጣለች። ልጆቻችን የሚማሩት በተለያየ ትምህርት ቤት ነው። እሮሯችን ግን አንድ ነው። የአደባባዩ ሐውልት ላይ የተቀረጹት ሰማዕታት ይህን ያህል ዓመት የሰው ምሬት ሲሰሙ ኖረዋል፤ የእኛን «ኮሚዩኒኬሽን ቡክ» ደግሞ ጨመርንላቸው።

ለማታውቁት፣ ኮሚዩኒኬሽን ቡክ ማለት መስከረም ላይ ትምህርት ቤቱ የሚሸጥልን፣ ሽፋኑ ላይ ዓርማው ያለበት ደብተር ነው። ስሙ መገናኛ ነው፤ ውስጡ ግን ሠንጠረዥ ነው፦ የትምህርቱ ዓይነት፣ የቤት ሥራው፣ የወላጅ ፊርማ። የእንግሊዝኛው ረድፍ ላይ «ፔጅ 34» ይላል። በማግስቱ «ፔጅ 35»። አንዳንዴ «ስፔሊንግ»፣ ነጥብ። ምን ተማረች? ምኑ ከበዳት? ጮክ ብላ ስታነብ የት ላይ ትደናቀፋለች? የለም። እኔ ግን እፈርማለሁ። በሳምንት አምስት ቀን እፈርማለሁ። ለቤቴ ካርታም ለጋብቻዬም ይህን ያህል አልፈረምኩም። አንድ ቀን ረስቼ ሳልፈርም ቀረሁና በቀይ ስክሪብቶ «ፓረንት ኢዝ ኬርለስ» ተብሎ መጣልኝ። የተጻፈው ስለ እኔ፣ ያነበበችልኝ ልጄ።

እኔስ ቢያንስ ስድቤን ማንበብ እችላለሁ። የሽሮ ሜዳዋ ወዳጃችን እንግሊዝኛ አልተማረችም። ማስታወሻ ሲመጣ የምታስነብበው ልጇን ነው፤ ማለትም ተከሳሹን። ኅዳር ላይ «ክላስ ይረብሻል» ተብሎ ተጽፎበት ነበር። ምን ይላል ብትለው «ክላስ ውስጥ በጣም ይሳተፋል» አላት። ኬክ ገዛችለት። እውነቱን የሰማችው ጥር ላይ ካርድ ልትቀበል ሄዳ ነው። ስትነግረን በሳቅ ሞትን። ኋላ ግን ሾፌሩ ዝም አለና «የእኔም ልጅ እኮ ነው የሚያነብልኝ» አለ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ስለ ልጁ የመጨረሻ የሚሰማው ወላጅ ሆኗል።

እናቴ ግን በሁለት ቃል ትጠይቀኛለች። «የት ደረሰች?» ትለኛለች፣ የልጅ ልጇን ማለቷ ነው። ይህ ጥያቄ እሷ ባደገችበት አገር መልስ ነበረው። ወንድሞቿ ቄስ ትምህርት ቤት ሲማሩ እናታቸው ፊደል ባትቆጥርም ልጆቿ የት እንደደረሱ ታውቅ ነበር። ሀሁ ላይ ነው፤ አቡጊዳ ገባ፤ መልእክተ ዮሐንስ ጀመረ፤ ወንጌል ላይ ደርሷል፤ ዳዊት ደገመ። እያንዳንዱ ደረጃ ስም አለው፣ ስሙን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ንባቡም እንደዚያው ነበር፤ ፊደል በፊደል መቁጠሩ፣ ውርድ ንባቡ፣ ቁም ንባቡ። እናትየው ጓሮ ጎመን እየቀነጠሰች የልጇን ድምፅ ብትሰማ እንኳ ዘንድሮ ከአምና መሻሻሉ በጆሮዋ ይገባታል። ዳዊት ሲጨርስ ድግስ ይደገሳል፤ ለየኔታም ስጦታ ይወሰዳል። አለንጋውንና ኩርኩሙን አልረሳሁም፤ ይመለስልን የሚል የዋህም አይደለሁም። ግን ያቺ ማንበብ የማትችል ሴት ስለ ልጇ ትምህርት የምታውቀውን ያህል እኔ ዲግሪ ያለኝ ሰው አላውቅም። ይህ ያናድዳል።

እናም «የት ደረሰች?» ስትለኝ «ፔጅ 35» እላታለሁ። ዝም ብላ ታየኛለች።

እኔ በተማርኩበት በደርግ ጊዜ እንግሊዝኛ የሚጀመረው በሦስተኛ ክፍል ነበር፤ ልጄ አሁን ባለችበት ክፍል ማለት ነው። እሷ «ፓራግራፍ» ጻፊ በምትባልበት ዕድሜ እኔ ኤ ቢ ሲ ዲ እል ነበር። መጽሐፉ «ኢንግሊሽ ፎር ኒው ኢትዮጵያ» ይባላል። መምህራችን ሬዲዮኑን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና ከውስጡ አንድ ድምፅ እየተናገረ ሰባ ልጅ እየተከተለ ይጮህ ነበር። ወላጅ የሚሰማው በሁለት መንገድ ብቻ ነው፤ አንደኛው «ወላጅህን ይዘህ ና»፣ ሁለተኛው ካርድ። የመጀመሪያው ሲመጣ ሁሉም ነገር ግልጽ ነው፤ አንድ ነገር ሰብረሃል ወይም አንድ ሰው ደብድበሃል። ሁለተኛው ሲመጣም ግልጽ ነው፤ ከሰባ ሁለት ልጅ አርባኛ። አባቴ ካርዱን አገላብጦ አይቶ «ጠባይ» የሚለው ላይ ቢ ካገኘ ቀበቶውን ይፈታል። ስለ እንግሊዝኛዬ ምንም ተነግሮት አያውቅም፤ እሱም ጠይቆ አያውቅም። ያኔ የሚነግረን አልነበረም። ዛሬ ቀኑን ሙሉ እየነገሩን የምናውቀው ያንኑ ነው። ልዩነቱ ዳታ የሚያልቅብን መሆኑ ነው።

በዚህ በስድስት ኪሎ ሰፈር ደግሞ እንግሊዝኛ እንግዳ አይደለም። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1917 ዓ.ም. ነው፤ እቴጌ መነን በ1923። ከጣሊያን መውጣት በኋላ ተፈሪ መኮንንን ከካናዳ የመጡ ኢየሱሳውያን ካህናት ይመሩት ነበር። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በዚያ ግቢ ሕጉም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ሲሰጥ ስንት ዓመቱ! ስድስት ኪሎ ላይ ቆሞ እንግሊዝኛን የሚፈራ ካለ እሱ አዲስ መጤ ነው። እኔም ልጄ ትማር ባይ ነኝ። ባትማርማ ምን ይውጣታል? ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ቋንቋው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሰባተኛ ክፍል ላይ ሲደረስ ደግሞ ሳይንሱም ሒሳቡም በእሱ ይሆናል። ታላቅ ወንድሟ ዘንድሮ ሰባተኛ ገብቷል። የሳይንስ መጽሐፉን ከፍቶ እንደ ተዘጋ በር ያየዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ደግሞ አገር ያውቀዋል፤ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ጥቅምት 2015 ላይ በየዩኒቨርሲቲው ተሰጥቶ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። የሁሉም ምክንያት እንግሊዝኛ ነው አልልም። ግን ወረቀቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ ጥያቄውን ማንበብ ደግሞ ከመመለስ ይቀድማል።

ለዚህ ነው «ፔጅ 35» የማይበቃኝ።

ወደ ቴሌግራሙ ልመለስ። ይህ ግሩፕ የሚባል ነገር የመጣብን በኮቪድ ነው። መጋቢት 2012 ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዎርክሺቱ ሁሉ በስልክ መጣ። ያኔ ልጄ፣ ታላቅየው፣ አንደኛ ክፍል ነበር። እናመሰግናለን አልን፤ ከልባችን ነው ያመሰገንነው። ትምህርት ቤት ሲከፈት ግሩፑ ይዘጋል ብለን ነበር። አልተዘጋም፤ ተባዛ እንጂ። አሁን ለአንዲት ልጅ አራት ግሩፕ አለኝ፤ የክፍሏ፣ የትምህርት ቤቱ ቻናል፣ የሰርቪሱ፣ እና ወላጆች ከመምህራን ተደብቀን የከፈትነው። በቁም ነገር የምንነጋገረው በአራተኛው ብቻ ነው። «የናንተም ልጅ አልገባትም?» የሚለው ጥያቄ የሚጠየቀው እዚያ ነው። በክፍሉ ግሩፕ ማን ይደፍራል? እዚያ ሁላችንም ስም የለንም፤ የእከሌ እናት፣ የእከሊት አባት ነን፤ ያልገባው የእኔ ልጅ ነው ብሎ በሃምሳ ስምንት ወላጅ ፊት ማን ይናዘዛል?

ስለዚህ በክፍሉ ግሩፕ የሚባለው «ኖትድ» ነው። መምህሯ አንድ ነገር ትለጥፋለች፤ ሠላሳ ሰው «ኖትድ» ይላል። ሌላው የእጅ ምልክት ያስቀምጣል። አንዷ «እግዚአብሔር ይስጥልን ሚስ» ትላለች። አንድ አባት በስህተት የሲሚንቶ ዋጋ ይልካል። አንዷ የዕለቱን ቅዱስ ሥዕል ትለጥፋለች፣ ሌላዋ ጁምዓ ሙባረክ ትላለች፣ ሁለቱም ይመራረቃሉ፤ ይህስ ደስ ይላል። በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ ተነሥተው ዳር የሄዱ አንድ አባት አሉ፤ ልጃቸው ሌላ ትምህርት ቤት ከገባ ዓመት አልፎታል፤ አሁንም ግን በመጀመሪያ «ኖትድ» የሚሉት እሳቸው ናቸው። ናፍቆት ይመስለኛል። በዚህ ሁሉ መሐል ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የዕለቱን ዲክቴሽን ቃላት ለመፈለግ ወደ ላይ እጎትታለሁ፣ እጎትታለሁ፤ ሲሚንቶው ጋ ስደርስ ሰርቪሱ ጥሩምባ ይነፋል።

በ2015 የካቲት ላይ ደግሞ ቴሌግራም ራሱ ተዘጋ፤ ለአምስት ወር ያህል። ፌስቡኩም፣ ዩቲዩቡም፣ ቲክቶኩም አብሮ። ያኔ ታላቅየው አራተኛ ክፍል ነበር። ትምህርት ቤቱ መላኩን አላቋረጠም፤ በዚያው በተዘጋው መስመር ይልካል። እኛም ቪፒኤን እየጫንን፣ ስልኩ ኔዘርላንድ ያለ መስሎት፣ እኛ አፍንጮ በር ተቀምጠን የአራተኛ ክፍል እንግሊዝኛ የቤት ሥራ እናወርድ ነበር። የዚያን ዓመት አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ተጀምሮ መጽሐፉ ቶሎ አልደረሰም፤ የመጣልን ፒዲኤፍ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ደጃፍ ባሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች የመመረቂያ ጽሑፍ ይዘው ከሚጠብቁ ተማሪዎች ጋር ተሰልፈን «ዩኒት ዋን፣ የአራተኛ ክፍል» እያልን ኮፒ አስደርገናል። አንድ ፂማም የማስተርስ ተማሪ የያዝኩትን ገለጥ አድርጎ አየና «ጋሼ፣ ይሄ ከእኔ ይከብዳል» አለኝ።

አሁን ደግሞ ቀኑን ስሙልኝ።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ አንድ ማስታወሻ መጣ። የወላጅና የእንግሊዝኛ መምህራን ስብሰባ፤ ዴት፦ 12/3፤ ታይም፦ 8፡30። ዕለቱ አልተጻፈም። ነርሷ ኅዳር 12 ነው አለች። እናቴ «በኅዳር ሚካኤል? ቆሻሻ ሲታጠን ልትሰበሰቡ?» ብላ ሳቀች። ሾፌሩ ይህ የፈረንጅ ነው፣ ማርች 12 ማለት ነው፣ ገና መጋቢት 3 ነው አለና ተረጋጋ። የዩኒቨርሲቲው ሰው ግን አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ፣ ዲሴምበር 3 ነው፣ ኅዳር 24 አለ። የተማረ ሰው ነውና እሱን አመንን፤ ልክም ነበር። ከሥራ አስፈቅጄ በ8፡30 ከች አልኩ፤ ምሳዬን በልቼ፣ ሸሚዜን ቀይሬ። ዘበኛው በአዘኔታ አዩኝ። «ጋሽዬ፣ ጠዋት እኮ አለቀ» አሉ። ቀኑ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም የፈረንጅ ኖሯል፤ ከጠዋቱ 2፡30። ብቻዬን አልነበርኩም፤ በሩ ላይ ሰባት ሆነን ተያየን። በአሥራ ሦስት ወር ጸጋ አገር፣ ፀሐይ ስትወጣ አንድ ብለን በምንቆጥርበት ከተማ፣ «ኅዳር 24 ረቡዕ ከጠዋቱ 2፡30» ብሎ ለመጻፍ ምን ያህል ቀለም ይጨርሳል?

የዓምናውን ስብሰባ ግን ተካፍያለሁ። ሁለት ሰዓት ፈጀ። አንድ ሰዓት ከሩብ ስለ ክፍያ ጭማሪ ተጨቃጨቅን፤ ሠላሳ ደቂቃ ስለ ዩኒፎርሙ ቀለምና ስለ ሰርቪሱ መዘግየት። ከዚያ ርእሰ መምህሩ ስለ ቋንቋ ትምህርታቸው ጥራት ተናገሩ፤ ግቢ ውስጥ አማርኛ የተናገረ ልጅ እንደሚቀጣ በኩራት ጠቀሱ፤ ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤ ይሆናል፤ ከኋላ ስለነበርኩ አላስታውስም። በእረፍት ሰዓት ልጄ ለምን ዝም እንደምትል የገባኝ ያን ቀን ነው። በመጨረሻ መምህራኑ በየጠረጴዛቸው ተቀመጡና ተሰለፍን። ተራዬ ሲደርስ የእንግሊዝኛዋ መምህር የልጄን ስም ፈለገች፣ አገኘችው፣ «ጎበዝ ናት፤ ትንሽ ግን ተከታተሏት» አለችኝ። አርባ ሰከንድ። ከእኔ ፊት ለነበሩት ስድስት ወላጆችም ያንኑ ስትል ሰምቻለሁ።

በእሷ ግን መፍረድ አልቻልኩም። ጠረጴዛዋ ላይ አርባ ስድስት ኮሚዩኒኬሽን ቡክ ተከምሯል፤ የአንድ ክፍል ብቻ ነው፣ የምታስተምረው ግን አራት ክፍል ነው። ሻይዋ ቀዝቅዟል። አውራ ጣቷ በቀይ ቀለም ተነክሯል። ደመወዟን አልጠይቃትም፤ ጫማዋ ይናገራል። ምሽት 3፡40 ላይ መልእክት የምትልከው ልታስቸግረኝ ብላ አይደለም፤ ቤቷ ገብታ፣ የራሷን ልጆች አስተኝታ፣ የቀራት ሰዓት ያ ብቻ ስለሆነ ነው። በእንግሊዝኛ የምትጽፈውም እንግሊዝኛ ስላማራት አይደለም። ለወላጅ የሚላክ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሁን የሚል ትእዛዝ አለ፤ ለማስታወቂያ ነው። ወላጁ ስልኩን ለጎረቤት ሲያሳይ ትምህርት ቤቱ ትልቅ ይመስላል። እኛም ተባባሪዎች ነን፤ በአማርኛ የሚጽፍ ትምህርት ቤት ቢመጣ «ይሄማ የመንግሥት ነው» ብለን የምንሸሽ እኛው ነን። ከንቱ ኩራት ነው፤ የምንከፍለው ደግሞ በየወሩ ነው።

እና መልእክቱ ለምን ይላካል? ለማሳወቅ አይመስለኝም። ለመዝገብ ነው። ልጁ ወደቀ ሲባል «ልከንልዎት ነበር» ለማለት፤ ፊርማውን አውጥቶ ለማሳየት። እኔም ስፈርም አውቄያለሁ ማለቴ አይደለም፤ አትክሰሱኝ ማለቴ ነው። ሁለታችንም ደረሰኝ እንለዋወጣለን፤ ልጅቷ መሐል ቆማለች።

ካርዷን ላሳያችሁ። እንግሊዝኛ አራት ቦታ ተከፍሏል፦ ግራመር 96፣ ሪዲንግ 94፣ ስፖክን 97፣ ሃንድ ራይቲንግ 98። አስተያየት የሚለው ሳጥን ውስጥ «ኤክሰለንት፣ ኪፕ ኢት አፕ»። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያችው «ኪፕ ኢት አፕ» ናት። አንድ ቅዳሜ አንበሳ ግቢን ላሳያት ይዣት ስወጣ በዩኒቨርሲቲው በር አለፍንና ከላይ የተጻፈውን አንብቢልኝ አልኳት። አማርኛውን ሳትቆም አነበበችው። እንግሊዝኛውን ፈዝዛ አየችና «አባዬ፣ ይሄን አልተማርነውም» አለች።

በ2002 ዓ.ም. በዩኤስኤይድ ድጋፍ በበርካታ የአገራችን ቋንቋዎች የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች ንባብ ተፈትኖ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ልጁ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ፈታኙ ሰዓት ይዞ በአንድ ደቂቃ በትክክል የተነበበውን ቃል ይቆጥራል። ያኔ አንዲት ቃል ማንበብ ያልቻሉ ብዙዎች ተገኝተው አገር ደንግጧል። እኔም ማታ የስልኬን ሰዓት ይዤ ልጄን አስቀመጥኳት። በአማርኛ ስልሳ ሁለት ቃል። በእንግሊዝኛ፣ ከራሷ መጽሐፍ፣ አሥራ አንድ። ሪዲንግ 94 ያለው ካርድ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አልተቆጣኋትም፤ ምንም አላደረገችም። የተናደድኩት አንድ ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ነገር በሦስት ዓመት ውስጥ ማንም ስላልነገረኝ ነው።

ከዚያ ያ «ዳይግራፍስ» ምን እንደሆነ ፈለግኩ። እነሆ በአማርኛ፦ ኤስ እና ኤች አብረው ሲቆሙ «ሽ» ይላሉ፤ ሲ እና ኤች «ች» ይላሉ፤ ቲ እና ኤች ደግሞ ምላስን በጥርስ መሐል አድርጎ የሚወጣ፣ በእኛ ፊደል የሌለ ድምፅ ነው። አለቀ። ይህን ማንም እናት ይገባታል። የእኛ ልጆች አንድ ምልክት አንድ ድምፅ ከሚሰጥበት ፊደል ስለሚመጡ ሁለት ሆሄ ተጣብቆ አንድ ድምፅ ሲሆን ይደናገራሉ፤ «ሺፕ»ን «ስሂፕ» ይላሉ። ልጄ የምትወድቀው እዚህ ላይ ብቻ ነበር ለካ። ለእናቴ ነገርኳት፤ ገባት። «ታዲያ ሁለቱ ተጋብተው ነው በላታ» አለች። በማግስቱ ልጄ «ሽ» ባየች ቁጥር «እማማ፣ ተጋቡ!» እያለች ትጮሃለች። በአንድ ሳምንት አሥራ አንዱ ሃያ አራት ሆነ።

ስለዚህ የተከበራችሁ መምህራን፣ ርእሰ መምህራን፣ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት (ወተመህ) ኮሚቴዎች፣ ብዙ አልለምናችሁም። ከዕለቱ ጩኸት ዓርብ ዓርብ አንዲት መስመር ይሻለናል። በአማርኛ ይሁን፤ ወይም ወላጁ በሚያነበው ቋንቋ። ማንበብ የማይችል ካለ በድምፅ ይላክለት፤ ቴሌግራሙ ድምፅም ይልካል እኮ፣ ለሲሚንቶ ብቻ አልተሠራም። በዚህ ሳምንት ይህን አነበብን፤ ልጅዎ እዚህ ላይ ትደናቀፋለች፤ ቤት ውስጥ ይህን ያድርጉ። ለአርባ ስድስት ልጅ መጻፍ ካቃተ በየሳምንቱ ለአሥራ ሁለት ልጅ ይጻፍ፤ በወር አንዴ ይደርሰናል። የዕለት ፊርማውን ተዉትና በእሱ ሰዓት ይህን ጻፉ። ከፈለጋችሁ ዓርማችሁን ከላይ በእንግሊዝኛ አድርጉት፤ አንቀየምም።

እናቴ ትናንትም «የት ደረሰች?» አለችኝ። «ተጋብተዋል፣ ቲ እና ኤች ቀርተዋል» አልኳት። ደስ አላት።

የሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ 5/6 ነው ይላል ማስታወሻው፤ ሰዓቱ 9፡00። የካቲት 5 ይሁን ሜይ 6 ወይስ ጁን 5፣ ከጠዋቱ ይሁን ከሰዓት በኋላ፣ የምታውቁ ወላጆች ካላችሁ ንገሩኝ። ጠዋት አደባባዩ ጋ አለሁ።